አደጋን በሚዛን የለኩት አብራሪ

እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 ከኒውዮርክ ከተማ በስተምስራቅ፣ በሎንግ አይላንድ በሚገኘው የሚቸል ጦር አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ለበረራ ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። ከሁለቱ መቀመጫዎች አንዱ ዙሪያውን ብርሃን በማያስገባ ሸራ ተሸፍኗል። በሸራው ውስጥ የተቀመጡት አብራሪ ሰማዩንም ሆነ ምድሩን የሚያዩበት ቀዳዳ አልነበራቸውም። ከፊታቸው ያለው የመሣሪያ ሰሌዳ ብቻ ነው። በሌላው መቀመጫ ላይ የነበሩት ሌተና ቤንጃሚን ኬልሲ ኃላፊነታቸው አንዳች ችግር ቢፈጠር መሪውን ተቀብለው አውሮፕላኗን ማዳን ነበር። ኬልሲ መሪውን አለመንካታቸውን መሬት ላይ የቆሙት ታዛቢዎች እንዲያረጋግጡ እጆቻቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ያሳዩ ነበር።

አውሮፕላኗ ተንደርድራ ተነሳች፤ በአየር ላይ ዞራ ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ ወደተነሳችበት ሥፍራ ተመልሳ አረፈች። በሸራው ውስጥ የነበሩት አብራሪ አስተራረፋቸውን እምብዛም እንዳልወደዱት በኋላ ገልጸዋል። ሆኖም በዚያች ዕለት የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳት እስከ ማረፍ ውጭውን ሳያይ፣ በመሣሪያ ብቻ ተመርቶ በሮ ነበር። ዛሬ በጨለማና በጉም ውስጥ በየቀኑ የሚካሄደው የመንገደኞች በረራ መነሻው ከዚህ ሙከራ ይመዘዛል።

የሙከራው ባለቤት ጄምስ ሃሮልድ ዱሊትል ናቸው፤ ዓለም የሚያውቃቸው ጂሚ ዱሊትል በሚለው ስማቸው ነው። ብዙዎች የሚያስታውሷቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቶኪዮን በመደብደብ በመሩት ዘመቻ ነው። የአቪየሽን ባለሙያዎች ግን ከጀግንነታቸው ይልቅ ስሌታቸውን ያነሳሉ። ዱሊትል ድፍረት ያለ ዕውቀት ሞት እንደሆነ ቀድመው ከተረዱት አብራሪዎች አንዱ ነበሩ። አደጋን አስቀድሞ መለካት፣ መቀነስ የሚቻለውን መቀነስ፣ የቀረውንም እያወቁ መሸከም የሕይወታቸው መርህ ሆኖ ኖሯል።

ዱሊትል እ.ኤ.አ ዲሴምበር 14 ቀን 1896 በካሊፎርኒያ ግዛት አላሚዳ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አናጢ ነበሩ። ወርቅ ፍለጋ ወደ አላስካ በመሄዳቸው ቤተሰቡም ተከትሏቸው ኖም በተባለችው ቀዝቃዛ የማዕድን ከተማ ኖረ። በቁመት አጭር የነበሩት ዱሊትል በዚያች ሕግ በላላባት ከተማ ከሚተናኮሏቸው ልጆች ራሳቸውን በቡጢ መከላከል ተማሩ። ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ከተመለሰ በኋላም በአማተር ቦክስ መወዳደራቸውን ቀጠሉ። አንድ የትምህርት ቤት መምህራቸው በንዴት የሚሰነዘር ቡጢ ከባላጋራ ይልቅ ባለቤቱን እንደሚጎዳ አስረድተው ረጋ ብሎ መታገልን አስተማሯቸው። ይህ ምክር ከቦክስ መድረክ አልፎ አብሯቸው ዘልቋል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን ሲጨምር ዱሊትል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ምህንድስና ተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1917 ትምህርታቸውን አቋርጠው በበረራ ዕጩነት ተመዘገቡ። በዚያው ዓመት በፈረንጆች የገና ዋዜማ ጆሴፊን ዳንኤልስን አገቡ። በቀጣዩ ዓመት የመኮንንነት ማዕረግ አገኙ፤ ነገር ግን ወደ ጦር ግንባር ከመላክ ይልቅ በሳንዲያጎ አቅራቢያ የበረራ አስተማሪ እንዲሆኑ ተመደቡ። በዚያ ዘመን አውሮፕላኖች ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠሩ፣ ሞተሮቻቸውም በየጊዜው የሚቆሙ ነበሩ። አስተማሪው ተማሪዎቹ ሲሞቱ እያየ በማግስቱ ሌላ ተማሪ ይዞ ይነሳል።

ወጣቱ መኮንን በዚያን ጊዜ ገና የበሰሉ አልነበሩም። በውርርድ ተነሳስተው አውሮፕላን በሚያርፍበት ጊዜ ከታች በጎማዎቹ መካከል ባለው ዘንግ ላይ ተቀምጠው ወረዱ። ትርኢቱ በፊልም በመቀረጹ አዛዣቸው ዘንድ ደረሰና ለአንድ ወር ከበረራ ታገዱ። እ.ኤ.አ በ1926ም በቺሊ አውሮፕላን ለማሳየት በተጓዙ ጊዜ በአንድ ግብዣ ላይ ከመስኮት ወድቀው ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቻቸው ተሰበሩ፤ እግሮቻቸው በጀሶ እንደታሰሩ የበረራ ትርኢታቸውን አቀረቡ። ስለዚህ የኋላው ጥንቃቄያቸው ከፍርሃት የመነጨ እንዳልነበር መገንዘብ አያዳግትም።

ለውጡ የጀመረው ከውድቀት ነው። እ.ኤ.አ በ1922 የአሜሪካን ምድር ከአትላንቲክ ጠረፍ እስከ ፓስፊክ ጠረፍ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ለማቋረጥ ተነሱ። የመጀመሪያው ሙከራ በፍሎሪዳ የባህር ዳርቻ ብዙ ሕዝብ እያየ ተጨናገፈ፤ ነዳጅ የሞላችው አውሮፕላን ጎማዋ ለስላሳ አሸዋ ውስጥ ገብቶ በማዕበል ተመትታ ተገለበጠች። ዱሊትል ስህተታቸውን መርምረው፣ መንገዱን አጥንተው በሴፕቴምበር ወር እንደገና ተነሱ። በቴክሳስ አንድ ጊዜ ብቻ ነዳጅ ለመሙላት አርፈው በ21 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ሳንዲያጎ ገቡ። ከጉዞው ከፊሉ በሌሊትና በመብረቅ መካከል ያለፈ ሲሆን፣ አውሮፕላኗ መዞሯንና ማዘንበሏን የሚያሳይ አንድ አዲስ መሣሪያ ተገጥሞላት ነበር። ያ መሣሪያ ባይኖር ኖሮ በጨለማው ውስጥ አቅጣጫቸውን ሊስቱ ይችሉ እንደነበር ዱሊትል ተረዱ። ከሰባት ዓመታት በኋላ ለተደረገው የሸራ ውስጥ በረራ ዘሩ የተዘራው በዚያች ሌሊት ነው ማለት ይቻላል።

ዱሊትል ያቋረጡትን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ካጠናቀቁ በኋላ ጦር ሠራዊቱ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ላካቸው። በ1924 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1925 ደግሞ በአየር በረራ ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዘርፉ ይህን ማዕረግ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን አንዱ ናቸው።

ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የመረጡት ጥናት አስተሳሰባቸውን ያሳያል። በወቅቱ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ምን ያህል ጫና ሲደርስበት ክንፉ እንደሚገነጠል መሐንዲሱ በወረቀት ያሰላል፤ አብራሪው ደግሞ በስሜቱ ይገምታል። ሁለቱ አይተማመኑም። ዱሊትል የመለኪያ መሣሪያ በአውሮፕላን ላይ ገጥመው እየተወረወሩና እየተጠማዘዙ፣ በክንፎቹ ላይ የጉዳት ምልክት እስኪታይ ድረስ ጫናውን መዘገቡ። ከአውሮፕላኑ ባሻገር የአብራሪው አካል የሚሸከመውን ጫና መጠንም አጠኑ፤ በጠንካራ መጠማዘዝ ወቅት ደም ከጭንቅላት ስለሚሸሽ አብራሪው ለጊዜው ማየት እንደሚሳነው አረጋገጡ። በዚህ መንገድ ድንበሩ የት እንዳለ በቁጥር ታወቀ። ድንበሩን የሚያውቅ አብራሪ ከድንበሩ ወዲህ በልበ ሙሉነት ይበራል፤ የማያውቀው ግን ወይ ያለ ምክንያት ይፈራል፣ ወይ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል።

በ1920ዎቹ አቪየሽንን ከሁሉ በላይ ያሰጋው የአየር ሁኔታ ነበር። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ደብዳቤ በአውሮፕላን ማመላለስ ከጀመረ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከ30 በላይ አብራሪዎቹ ሕይወታቸውን አጥተዋል። አብራሪዎች ደመና ውስጥ ሲገቡ አውሮፕላናቸው ቀጥ ብላ እየሄደች እንደሆነ ይሰማቸዋል፤ በእርግጥ ግን እያዘነበለችና እየተሽከረከረች ወደ መሬት ትወርዳለች። ምክንያቱ በሰው አካል ውስጥ ነው። ሚዛን የሚጠብቀው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ቀስ ብሎ የሚመጣ መዞርን አይለይም፤ ዓይን አድማሱን ሲያጣ ሌላው ሕዋስ ሁሉ ይሳሳታል። በዘመኑ የነበሩ አንጋፋ አብራሪዎች ግን ይህን መቀበል አቃታቸው። ጥሩ አብራሪ በመቀመጫው በሚሰማው ስሜት ብቻ አውሮፕላኑን ይመራል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበር። በዚህ እምነት ብዙዎች አለቁ።

ባለሀብቱ ዳንኤል ጉገንሃይም አቪየሽንን ለማስፋፋት ያቋቋሙትና ልጃቸው ሃሪ ጉገንሃይም የመሩት ፈንድ በጉም ውስጥ የመብረርን ችግር ለመፍታት በሚቸል ማረፊያ የሙከራ ጣቢያ ከፈተ። ጦር ሠራዊቱም ዱሊትልን ለዚሁ ሥራ በውሰት ሰጠ። ዱሊትል ሳይንቲስቶችንና መሣሪያ ሠሪዎችን ከአብራሪ ፍላጎት ጋር ማገናኘት ያዙ። ኤልመር ስፔሪና ልጃቸው በጋይሮስኮፕ የሚሠሩ ሁለት መሣሪያዎችን አዘጋጁ፤ አንደኛው የአውሮፕላኗን አቀማመጥ ከአድማስ አንጻር በትንሽ ምስል የሚያሳይ ሰው ሠራሽ አድማስ ሲሆን፣ ሌላው የማይዋዥቅ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው። ፖል ኮልስማን የተባሉ የጀርመን ተወላጅ የመሣሪያ ባለሙያ ደግሞ ከፍታን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት የሚለይ መለኪያ ሠሩ። በፊት የነበሩት መለኪያዎች በብዙ ሜትሮች ስለሚሳሳቱ በጉም ውስጥ ለማረፍ አይረዱም ነበር። የአሜሪካ የመለኪያና ደረጃዎች ቢሮ ያዘጋጀው የሬዲዮ ጠቋሚም ተጨመረ። አብራሪው በሰሌዳው ላይ ሁለት የሚርገበገቡ ቀጫጭን ዘንጎችን ይመለከታል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ መስመሩ ላይ ነው፤ አንዱ ከረዘመ ወደ ጎን ወጥቷል ማለት ነው።

ጉዳዩ በመሣሪያ ብቻ አላበቃም። የአውሮፕላኗ የማረፊያ እግሮች ምድሩን ሳያዩ መሬት መንካትን እንዲችሉ ተጠናከሩ። የሞተሩ ኃይልና የቁልቁለቱ መጠን ተወስኖ በተመሳሳይ መንገድ ደጋግሞ መውረድ ልማድ ሆነ። ዱሊትል በአንድ ሙከራ የማይሆን ነገር እስኪሆን ድረስ ይደጋግሙ ነበር። በዚሁ ጊዜ ከቡፋሎ ሲመለሱ በጉም ተይዘው ማረፊያ ስላጡ በኒው ጀርሲ ምድር አውሮፕላናቸውን ሆን ብለው በክንፏ ከዛፍ ጋር አላትመው በሕይወት ተርፈዋል። ያች አውሮፕላን አዲሶቹ መሣሪያዎች አልተገጠሙላትም ነበር። አጋጣሚው የሚሠሩት ሥራ ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ መሰከረላቸው።

በመግቢያው የተጠቀሰው የ15 ደቂቃ በረራ ታዲያ ለተመልካች ተአምር ቢመስልም ለባለቤቱ የረጅም ልምምድ ውጤት ነበር። የደህንነት ጥንቃቄውም እዚያው በግልጽ ይታያል። ሙከራው ቢከሽፍ የሚያድን ሁለተኛ አብራሪ አብሮ ተቀምጧል። አዲስ ነገር ለመሞከር ሲባል የሚቻለው ጥበቃ አልተጣለም።

ዱሊትል በ1930 ከመደበኛው ሠራዊት ወጥተው ሼል ከተባለው የነዳጅ ኩባንያ ጋር መሥራት ጀመሩ። የእሽቅድምድም በረራንም አላቋረጡም። በ1925 የሽናይደርን ዋንጫ በማሸነፍ የጀመሩት ዝና በ1931 በቤንዲክስ ዋንጫ፣ በ1932 ደግሞ በቶምፕሰን ዋንጫ ላቀ። በመጨረሻው ውድድር የበረሩባት ጂ ቢ የተባለች አጭርና ወፍራም አውሮፕላን ፈጣን ብትሆንም ለአብራሪዎች እጅግ አስቸጋሪ ነበረች። ዱሊትል አሸነፉ፤ ሆኖም በውድድሩ ጊዜ ፎቶ አንሺዎች ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ከብበው እንደነበር ሰሙ። የሚጠብቁት አውሮፕላኗ ስትከሰከስ የቤተሰቡን ፊት ለማንሳት ነበር። ዱሊትል ያን ጊዜ ሒሳቡን አሠሩ። እሽቅድምድም በጅምር ዘመን ለአውሮፕላን ዕድገት ጠቅሟል፤ አሁን ግን የሚከፈለው ሕይወት ከሚገኘው ዕውቀት በልጧል። በዝናቸው ጫፍ ላይ ሳሉ ከእሽቅድምድም ተሰናበቱ።

በሼል የሠሩት ሥራ እንደ በረራ ትርኢት ጎልቶ ባይታይም ውጤቱ ትልቅ ነው። በወቅቱ የነበረው የአውሮፕላን ነዳጅ በኃይለኛ ሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ሞተሩን ያንኳኳውና ይጎዳው ነበር። በተለይ ከባድ ጭነት ይዞ በሚነሳ አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ብልሽት ለሞት ይዳርጋል። ዱሊትል መጪው ዘመን ባለ 100 ኦክቴን ነዳጅ እንደሚፈልግ በማመን ኩባንያቸው ማምረቻ እንዲሠራ አግባቡ። በጊዜው ያንን ነዳጅ የሚጠቀም ሞተር አልነበረም፤ ገዢም አልነበረም። በኩባንያው ውስጥ ነገሩን የሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አድርገው የቆጠሩት ነበሩ። ይሁንና በ1934 የመጀመሪያው አቅርቦት ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተሰጠ፤ በ1940 የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላኖች የጀርመንን አየር ኃይል በሰማያቸው ሲገጥሙ ይኸው ዓይነት ነዳጅ ተጨማሪ ኃይል ሰጥቷቸዋል።

በዚያው ዓመት ዱሊትል ወደ ጦር ሠራዊቱ ተመለሱ። ከተሰጧቸው ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ የቢ 26 ቦምብ ጣይን አደጋ መመርመር ነው። ይህ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ክንፎቹ አጫጭር፣ የማረፊያ ፍጥነቱም ከፍተኛ በመሆኑ በሥልጠና ላይ ብዙ ሰው ገድሏል። በሰልጣኞች ዘንድ ስሙ ከሞት ጋር ተያይዞ ስለነበር ምርቱ ይቁም የሚል ሃሳብ ቀረበ። ዱሊትል አውሮፕላኑን ራሳቸው አበረሩት። በሰልጣኞች ፊት ተነስተው አንደኛውን ሞተር ካጠፉ በኋላ፣ የማይቻል ተብሎ ወደሚፈራው ወደ ጠፋው ሞተር አቅጣጫ ዞረው በሰላም አረፉ። ችግሩ በዋናነት የሥልጠና ጉድለት መሆኑን ደምድመው ምርቱ እንዲቀጥል፣ ሥልጠናው ግን እንዲሻሻል መከሩ። ቢ 26 በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ዝቅተኛ ኪሳራ ከደረሰባቸው ቦምብ ጣዮች መካከል ለመቆጠር በቅቷል።

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 18 ቀን 1942 የተካሄደው የቶኪዮ ድብደባ የዱሊትልን ስም በዓለም ናኘ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ካጠቃች ገና ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። እቅዱ በመሬት ላይ ለሚነሱ የተሠሩ ቢ 25 ቦምብ ጣዮችን ሆርኔት ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ማስነሳት፣ ጃፓንን መደብደብ፣ ከዚያም ቻይና ውስጥ ማረፍ ነው። ዱሊትል ለዚህ ሲዘጋጁ እያንዳንዱን ኪሎ ቆጠሩ። የማያስፈልግ መሣሪያ ወለቀ፤ ተጨማሪ የነዳጅ ታንኮች ተገጠሙ፤ በኋላ በኩል እውነተኛ መትረየስ ሳይሆን ቀለም የተቀባ የመጥረጊያ እንጨት ተደረገ። ሠራተኞቹ በፍሎሪዳ በአጭር መንደርደሪያ መነሳትን ደጋግመው ተለማመዱ። ሁሉም በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ እስከ መጨረሻው ሰዓት መተው ይችሉ ነበር።

ስሌቱ ግን ባህር ላይ ተናጋ። አንዲት የጃፓን ቅኝት ጀልባ መርከቦቹን በማየቷ 16ቱ አውሮፕላኖች ከታቀደው 10 ሰዓት ያህል ቀድመውና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ለመነሳት ተገደዱ። ለመጠባበቂያ የተያዘው ነዳጅ በዚህ አለቀ። ዱሊትል በጣም አጭሩ መንደርደሪያ የደረሰውን የመጀመሪያውን አውሮፕላን ራሳቸው ይዘው በማዕበል ከሚነሳና ከሚወድቅ መርከብ ላይ ተነሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከድብደባው በኋላ አንዱ አውሮፕላን በሶቪየት ምድር ሲያርፍ የቀሩት 15ቱ በቻይና ጠረፍና ተራሮች በሌሊት ወድመዋል። ዱሊትልና ባልደረቦቻቸው በፓራሹት ወረዱ። ከ80ዎቹ በራሪዎች ሦስቱ በአደጋ ሞቱ፤ ስምንቱ ተማረኩ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ተገደሉ፣ አንዱ በእስር ቤት ሞተ።

ዱሊትል አውሮፕላኖቹን ሁሉ በማጣታቸው የጦር ፍርድ ቤት እንደሚጠብቃቸው ቢያስቡም የተሰጣቸው የአገሪቱ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻንና የጄኔራልነት ማዕረግ ነው። ዘመቻው የአሜሪካን ሕዝብ መንፈስ አነቃቅቷል፤ የጃፓንን መሪዎችም አስደንግጧል። ይሁንና ከባዱን ዋጋ የከፈሉት በራሪዎቹን ያስጠለሉት ቻይናውያን ናቸው። የጃፓን ጦር በዤጂያንግና ጂያንግሺ ግዛቶች ባካሄደው የበቀል ዘመቻ እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። አንድ ውሳኔ የሚያስከትለው ስጋት ውሳኔውን በሚሰጡት ላይ ብቻ እንደማይወድቅ ይህ ታሪክ ያሳያል።

ጄኔራል ዱሊትል በ1944 መጀመሪያ በብሪታንያ የነበረውን የአሜሪካን ስምንተኛ አየር ኃይል አዛዥነት ተረከቡ። በዚህ ጊዜ የገጠማቸው ፈተና ከጠላት ይልቅ ከአየር ጠባይ ጋር የተያያዘ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ቦምብ ጣዮች ወደ ጀርመን ከተነሱ በኋላ በብሪታንያ ያሉት ማረፊያዎች በጉም ሊዘጉ መሆኑን የአየር ትንበያ ሲያመለክት ዘመቻውን አቋርጠው እንዲመለሱ አዘዙ። የበላያቸው ጄኔራል ካርል ስፓትስ ውሳኔውን ከቆራጥነት ማነስ ቆጠሩት። ዱሊትል በሕይወት ታሪካቸው እንደተረኩት፣ ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ጄኔራሎች በአንድ አውሮፕላን ሲጓዙ ጉም ዙሪያውን ዘጋባቸውና አብራሪያቸው በጭንቅ አሳረፋቸው። ስፓትስም ያን ዕለት የዱሊትልን ሃሳብ ተረዱ። ጠላት ያልገደላቸውን ሠራተኞች ማረፊያ በማጣት ማስጨረስ ጀግንነት አይደለም። በረራን መሰረዝ አንዳንዴ ከማብረር የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል፤ ይህ ለዛሬዎቹ የአየር መንገድ ኃላፊዎችም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሼል የተመለሱት ዱሊትል በ1952 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ለአንድ ትልቅ የአቪየሽን ደህንነት ጥናት መረጧቸው። ምክንያቱ በኒው ጀርሲ የደረሰ ተደጋጋሚ እልቂት ነው። ከዲሴምበር 1951 እስከ ፌብሩዋሪ 1952 ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ከኒውአርክ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር በተያያዙ በረራዎች ሦስት የመንገደኞች አውሮፕላኖች በአጎራባቿ ኤልዛቤት ከተማ ላይ ተከሰከሱ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል በቤታቸው የተቀመጡ ነዋሪዎች ነበሩ። ሕዝቡ በቁጣ ማረፊያው ይዘጋልን አለ፤ ለወራትም ተዘጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ለዓመታት ቤቶች እስከ መንደርደሪያው ጫፍ ድረስ ሲሠሩ ያስቆመ አልነበረም።

ዱሊትል በሊቀመንበርነት የመሩት፣ ሁለት ሌሎች ባለሙያዎችን የያዘው ኮሚሽን ማረፊያዎችን ተዘዋውሮ ተመልክቶ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሪፖርቱን አቀረበ። 25 ምክረ ሃሳቦችን የያዘው ይህ ሰነድ ማረፊያን ለመዝጋትም ሆነ ነዋሪውን ችላ ለማለት አልፈለገም። ዋናው ሃሳብ ቀላል ነው። አውሮፕላን ለአደጋ የሚጋለጠው በአብዛኛው ሲነሳና ሲያርፍ ስለሆነ ከመንደርደሪያው ጫፍ ባሻገር ቢያንስ 800 ሜትር ያህል ርዝመትና 300 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሬት ከማንኛውም ግንባታ ነጻ ይሁን። ከዚያም አልፎ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር በሚዘረጋ፣ እየሰፋ በሚሄድ ክልል የሕንጻ ከፍታና የመሬት አጠቃቀም በሕግ ይወሰን፤ ብዙ ሰው የሚሰበሰብባቸው ተቋማት በዚያ አይሠሩ። ዛሬ በየአገሩ በመንደርደሪያ ጫፍ የሚከለሉት የጥበቃ ቀጠናዎች የዚህ አስተሳሰብ ወራሾች ናቸው። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው አነጋገር በአቪየሽን ሕግ መልክ ሲጻፍ እንዲህ ያለ ነው።

ዱሊትል ከዚያም የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር በረራ አማካሪ ኮሚቴን በሊቀመንበርነት መሩ፤ ኮሚቴው በ1958 ናሳ በተባለው የሕዋ ተቋም ሲተካ የመጨረሻው ሊቀመንበር እርሳቸው ነበሩ። በ1985 የሙሉ ጄኔራልነት ማዕረግ፣ በ1989 ደግሞ የፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳሊያ ተሰጣቸው። ለ71 ዓመታት በትዳር አብረዋቸው የኖሩት ጆሴፊን በ1988 በጋብቻቸው መታሰቢያ ዕለት አረፉ። ዱሊትልም እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1993 በካሊፎርኒያ በ96 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ከባለቤታቸው ጎን ተቀበሩ።

ሦስት ጊዜ በፓራሹት ሕይወታቸውን ያተረፉት፣ ክንፋቸው የተሰበረ አውሮፕላኖችን ያዩት፣ ብዙ ባልደረቦቻቸውን የቀበሩት አብራሪ ለረጅም ዕድሜ መብቃታቸው ብዙዎችን ያስገርም ነበር። እርሳቸውም በ1991 ለታተመው የሕይወት ታሪካቸው የመረጡት ርዕስ የዕድለኛነት ስሜታቸውን የሚገልጽ ነው። ሆኖም ሥራቸው የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። በሚቸል ማረፊያ ሸራ ውስጥ የተቀመጡት በዕድል ተማምነው አልነበረም፤ መሣሪያው ተፈትኖ፣ እግሩ ተጠናክሮ፣ ልምምዱ ተደጋግሞ፣ ከጎናቸውም የሚያድናቸው ሰው ተቀምጦ ነው። ዛሬ አንድ መንገደኛ በጉም በተሸፈነ ማለዳ በእርጋታ ተቀምጦ ሲያርፍ፣ አብራሪው ከስሜቱ ይልቅ የሚያምነው ከፊቱ ያለውን ሰው ሠራሽ አድማስ ነው።